ሌፕቲን የምግብ ፍላጎትን የሚቀንስ ከሆነ ለውፍረት መድኃኒት ያልሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰንበሌጥ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የሥነ ምግብ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ የዳግላስ ኮልማንና የጄፍሪ ፍሪድማን ምርምር፣ ማለትም የሌፕቲን ሆርሞን ግኝት ነው። የማነበው ጽሑፍ ሁሉ የሚጀምረው ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት የሚመነጭ፣ በደም አማካይነት አንጎል ዘንድ ደርሶ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንስ ሆርሞን መሆኑን በመግለጽ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጥቂት ገጾች ወረድ ስል ግን ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው የሌፕቲን መጠን ከሌላው ሰው የበለጠ መሆኑን አነበብሁ። የምግብ ፍላጎትን የሚገታው ሆርሞን እነርሱ ዘንድ የተትረፈረፈ ከሆነ ቶሎ የሚጠግቡት እነርሱ መሆን አልነበረባቸውምን? እንዲህ ከሆነስ የሌፕቲን መገኘት ያን ያህል ታላቅ ግኝት የተባለው በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄው ለእኔ የትምህርት ብቻ አይደለም። ታላቅ እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት ከባድ የአመጋገብ ቁጥጥር አድርጋ 18 ኪሎ ቀንሳ ነበር፤ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ግን አብዛኛው ተመልሶ መጣባት። በቤታችን ያለው ፍርድ አንድና ያው ነው፤ «ሆዷን መግታት አቃታት» ይባላል። እርሷ ደግሞ ከቀነሰች በኋላ ያለው ረሃብ ከዚያ በፊት ከምታውቀው ረሃብ የተለየና የማያስተኛ እንደነበር ነግራኛለች። ይህ ስሜቷ በሳይንስ የሚታወቅ ምክንያት ይኖረው እንደሆነ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


መልስ 1፦ ቤተ ሙከራ

እህቴ ሰንበሌጥ፣ ግራ መጋባቱ የመጣው ታሪኩን ከመጨረሻው ስለጀመሩት ይመስለኛል። ሴሚናርዎን ከሆርሞኑ ሳይሆን ከአይጦቹ ቢጀምሩ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ጃክሰን ላብራቶሪ የሚባል ለምርምር የሚሆኑ አይጦችን በማርባት የታወቀ ተቋም አለ። እዚያ በ1949 ያለ እረፍት የሚበላና ከጤነኛው አይጥ እስከ ሦስት እጥፍ ሊመዝን የሚችል አይጥ ተገኘ። ጉድለቱ ከወላጆች የሚወረስ የአንድ ጂን ጉድለት ሲሆን «ኦቢ» የሚል አጭር ስም ተሰጠው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚያው ተቋም እንዲሁ የሚወፍር፣ በተጨማሪም ከባድ የስኳር በሽታ የሚይዘው ሌላ አይጥ ተገኘና «ዲቢ» ተባለ። የሁለቱ ጂኖች በተለያዩ ክሮሞዞሞች ላይ የሚገኙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ጉድለቶች በአንድ ዓይነት የአይጥ ዝርያ ላይ እንዲወለዱ ሲደረግ እንስሶቹን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ኮልማንን የሳበው ይህ ነው። ሁለት የተለያዩ ጂኖች አንድ ዓይነት በሽታ የሚያመጡ ከሆነ አንድን ሥራ የሚጋሩ መሆን አለባቸው ብሎ አሰበ።

ኮልማን ካናዳዊ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ነበር። ወደ ባር ሃርበር በ1958 ሲሄድ አንድ ሁለት ዓመት ብቻ ሊቆይ አስቦ ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ሠራ። ጥያቄውን ለመመለስ የተጠቀመበት ዘዴ ፓራባዮሲስ ይባላል። ሁለት አይጦች ጎን ለጎን ሆነው ቆዳቸው ከትከሻ እስከ ዳሌ በቀዶ ሕክምና ይሰፋል፤ ቁስሉ ሲድን ጥቃቅን የደም ሥሮች በመካከላቸው ይበቅሉና የአንዱ ደም ቀስ እያለ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በነርቭ አይገናኙም፤ አንዱ የበላው ምግብም ወደ ሌላው ሆድ አይገባም። የሚጋሩት ደማቸው ያዘለውን ብቻ ነው።

አሁን ውጤቶቹን በጥንቃቄ ይከተሉ፤ ሙሉው ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዲቢውን ከጤነኛ አይጥ ጋር ሲያጣብቀው ጤነኛው መብላቱን ተወና ምግቡ ከፊቱ እያለ በረሃብ ሞተ፤ ዲቢው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መወፈሩን ቀጠለ። ዲቢውን ከኦቢው ጋር ሲያጣብቀው፣ ያ ጠግቦ የማያውቀው ኦቢ ራሱ መብላቱን አቁሞ በረሃብ ሞተ። ኦቢውን ከጤነኛው ጋር ሲያጣብቀው ደግሞ ሁለቱም በሕይወት ኖሩ፤ ኦቢውም የሚበላው መጠን ቀንሶ የክብደት ጭማሪው ገታ አለ።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ አንድ ብቻ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወር «በቃህ» የሚል መልእክት አለ። ዲቢው መልእክቱን እጅግ አብዝቶ ያመነጫል፤ የሚሰማበት ጆሮ ግን የለውም። ኦቢው ጆሮ አለው፤ መልእክቱን ማመንጨት ግን አይችልም። በሌላ አነጋገር ኦቢው የጎደለው ሆርሞኑ ሲሆን ዲቢው የጎደለው የሆርሞኑ ተቀባይ ነው። ኮልማን ይህን ያሳተመው በ1973 ሲሆን ንጥረ ነገሩን ግን ለይቶ ማውጣት አልቻለም። ውፍረት የጠባይ ጉዳይ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ስለነበር ብዙዎች ለረጅም ጊዜ አላመኑትም። ምንም ንጥረ ነገር በእጁ ሳይኖር፣ ማን ሞተ ማን ዳነ ከሚለው ብቻ ተነሥቶ እዚህ መድረሱ እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል፤ ለተማሪዎቼም ደጋግሜ የማሳየው ይህንኑ ሥራ ነው።

የፍሪድማን ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ከ1986 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል የኦቢውን ጂን ሲፈልግ ቆይቶ በታኅሣሥ 1994 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አሳተመው። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን 167 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን የሚመነጨው ከስብ ሕዋሳት ነው። ፍሪድማን ሌፕቲን የሚለውን ስም ያወጣለት በግሪክኛ «ሌፕቶስ» ቀጭን ማለት ስለሆነ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሌፕቲኑ ለኦቢ አይጦች በመርፌ ሲሰጥ ከሱ፤ ለዲቢዎቹ ሲሰጥ ግን ምንም ለውጥ አላመጣም። ተቀባዩም በዚያው ዓመት ተገኘ፤ የተበላሸውም በዲቢው ላይ ነበር። ኮልማን ከሃያ ዓመት በፊት ያለው አንድም ሳይቀር እውነት ሆነ። ሁለቱ በ2010 የላስከር ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል።

በሰዎች ላይ ያለውን ጉዳይ ከእኔ ይልቅ ሐኪሞች ቢመልሱልዎ ይሻላል።


መልስ 2፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ቤተ ሙከራ የአይጦቹን ታሪክ ያስረዱበት መንገድ ለሥራዬ ቀላል አድርጎልኛል። የእህታችን የመጀመሪያ ጥያቄ አሁን በሌላ መልክ ሊቀርብ ይችላል፤ የወፈረ ሰው ኦቢን ይመስላል ወይስ ዲቢን?

ጂኑ በተገኘ ማግሥት ብዙዎች ተስፋ ያደረጉት ኦቢን ይመስላል የሚለውን ነበር። አምጄን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ለመጠቀም ለሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ብቻ 20 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው በዚህ ተስፋ ነው። በ1996 ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን በሰዎች ላይ ተለክቶ ታተመ። መደበኛ ክብደት ባላቸው ሰዎች በአማካይ በሚሊ ሊትር 7.5 ናኖግራም ሲሆን ከልክ ያለፈ ውፍረት ባለባቸው ግን 31.3 ሆኖ ተገኘ። ስቡ በበዛ ቁጥር የሚያመነጨውም ሌፕቲን ይበዛል ማለት ነው። እጥረት በሌለበት ሰው ላይ ሌፕቲን ሲጨመር በ1999 የታተመው የሕክምና ሙከራ እንዳሳየው ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት መካከል የቀነሱ ቢኖሩም ውጤቱ ከሰው ሰው እጅግ የተለያየ ነበር፤ ለብዙኃኑ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም።

ይህ ማለት ግን ኦቢን የሚመስል ሰው የለም ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የሚሠሩት ስቲቨን ኦራሂሊና ሳዳፍ ፋሩቂ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1997 ሁለት የአጎት ልጆች የሆኑ ሕፃናትን ታሪክ አሳተሙ። የስምንት ዓመቷ ልጅ 86 ኪሎ፣ የሁለት ዓመቱ ደግሞ 29 ኪሎ ይመዝኑ ነበር፤ በደማቸው ውስጥ የነበረው ሌፕቲን ከምንም የማይቆጠር ነበር። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ ክብደቷም 94.4 ኪሎ ደርሶ ሳለ፣ በየቀኑ የሌፕቲን መርፌ ተጀመረላት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 16.4 ኪሎ ቀነሰች፤ የቀነሰችውም ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ነበር። ማንም አመጋገቧን እንድትቆጣጠር አላስገደዳትም። የጎደላት ሆርሞን ሲተካላት ያ ያላቋረጠ ረሃብ በራሱ ተወገደ። እንዲህ ዓይነት ሕፃናት በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ናቸው። ቢሆንም፣ ጤነኛ አእምሮና ጤነኛ ቤተሰብ ያለው ልጅ በአንድ ፕሮቲን መጉደል ብቻ ምግብ ለማግኘት የሚታገል ፍጡር ሊሆን እንደሚችል ያሳዩት እነርሱ ናቸውና፣ ከዚያ ወዲህ «ሆዳም» የሚለውን ቃል በሕመምተኛ ፊት መናገር ለእኔ አይቻለኝም።

ወደ ብዙኃኑ ልመለስ። ሌፕቲናቸው ከፍ ብሎ ሳለ የማይጠግቡበት ምክንያት ሌፕቲንን መልመድ ወይም መቋቋም ይባላል፤ አንጎል ለከፍተኛው መጠን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። እኔ ግን ለማስረዳት የተሻለ የሚመስለኝ መንገድ ሌፕቲን የተፈጠረው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነው። በ1996 በቦስተን ሬክስፎርድ አሂማ፣ ጄፍሪ ፍላየርና ባልደረቦቻቸው ምግብ ለተከለከሉ አይጦች ሌፕቲን ሰጡ። አይጥ ሲራብ የታይሮይድ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ የመራባት ሥርዓቱ ይቋረጣል፣ የጭንቀት ሆርሞኑ ይጨምራል፤ ሌፕቲን የተሰጣቸው አይጦች ግን የተራቡ ሆነው ሳለ ይህ ሁሉ በእጅጉ ቀነሰላቸው። ስለዚህ የሌፕቲን መውረድ ለአንጎል «ስንቅ አልቋል» የሚል መልእክት ነው። ረሃብ ባየ አገር ለተወለደ ሰው ይህን መረዳት አይከብድም፤ በረሃብ ዘመን የሴቶች የወር አበባ የሚቋረጠው፣ ሰውነት የሚቀዘቅዘውና የሚደክመው በአንድ ትእዛዝ ነው። ሆርሞኑ ሲጨምር የሚያሰማው ድምፅ ደካማ፣ ሲቀንስ የሚያሰማው ጩኸት ብርቱ የሆነው ለዚህ ይመስላል።


ሰንበሌጥ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ሲቀንስ የሚያሰማው ጩኸት» የሚለውን ሳነብ እህቴ ትዝ አለችኝ። እርሷ ስትከሳ ሌፕቲኗም ወርዶ ነበር ማለት ነው? ከወረደስ፣ አዲሱን ክብደት ለምዶ የሚረጋጋበት ጊዜ የለውምን?


መልስ 3፦ መንገደኛ

በውይይቱ መካከል አንድ ተቃውሞ እንዳነሣ ይፈቀድልኝ። የተጻፈው ሁሉ ትክክል እንደሆነ እቀበላለሁ። ነገር ግን ጂናችን የአባቶቻችን ጂን ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን የወፈረ ሰው ሲታይ «ተመችቶሃል» ይባል ነበር፤ ብርቅ ስለነበረ ነው። ዛሬ በከተማው ውፍረት፣ ደም ግፊትና ስኳር የየቤቱ ጉዳይ ሆነዋል። ሆርሞኑ ካልተለወጠ የተለወጠው አኗኗራችን ነው። ሁሉን ነገር ለሆርሞን ብንሰጠው ሰዎች ራሳቸውን ከመጠበቅ እንዳይዘናጉ እሰጋለሁ።


መልስ 4፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ወንድማችን መንገደኛ ያነሡት ነጥብ ተገቢ ነው፤ አልቃወመውም። ዘይትና ስኳር የበዛበት ምግብ በየደጃችን መገኘቱ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን መዋላችን ሰውን ያወፍራሉ። እኔ የምለየው ሁለት ጥያቄዎችን ነው። ማኅበረሰቡ ከትናንት ይልቅ ዛሬ የወፈረው ለምንድን ነው ለሚለው መልሱ በአብዛኛው አኗኗር ነው። በአንድ ገበታ ላይ ከሚበሉት መካከል የሚወፍረው ይህ ሰው የሆነው ለምንድን ነው፣ የወፈረውስ ሲከሳ መልሶ የሚወፍረው ለምንድን ነው ለሚለው ግን አኗኗር ብቻውን አይበቃም። እህታችን የጠየቁት ሁለተኛውን ነው።

ለዚህ ደግሞ በቀጥታ የተሠራ ጥናት አለ። በሜልበርን ከተማ ፕሪያ ሱሚትራን፣ ጆሴፍ ፕሮየቶና ባልደረቦቻቸው ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንታት እጅግ አነስተኛ ኃይል በሚሰጥ ምግብ ላይ አቆዩአቸው። በአማካይ 13.5 ኪሎ ቀነሱ። ሌፕቲናቸው ወረደ። ከጨጓራ የሚመነጨውና ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ጨመረ። ከአንጀት የሚመነጩ የጥጋብ ሆርሞኖች ቀነሱ። የጥናቱ ዋና ውጤት ግን ይህ አይደለም፤ ይህማ የሚጠበቅ ነበር። ከጀመሩበት ቀን 62 ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ ከቀነሱት ክብደት ከፊሉ ተመልሶ ሳለ እንኳ፣ ሆርሞኖቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር፤ ሰዎቹም ከመጀመሪያው የበለጠ እንደሚርባቸው ተናገሩ። ጥናቱ በ2011 ታትሟል። ስለዚህ እህትዎ ስለ ረሃቧ የነገረችዎ ነገር የታወቀ፣ የተለካና የተጻፈ ነው፤ እባክዎ ይህን ራስዎ ይንገሯት።

በዚህ ላይ ሩዶልፍ ላይበልና ማይክል ሮዘንባውም በኒው ዮርክ ያሳዩት ሌላ ሸክም አለ። ከክብደቱ 10 ከመቶ የቀነሰ ሰው ሰውነቱ የሚያቃጥለው ኃይል ከክብደቱ መቀነስ ከሚጠበቀው በላይ ይወርዳል። ይበልጥ የሚደንቀው፣ ለእነዚህ ሰዎች ሌፕቲናቸውን ከመክሳታቸው በፊት ወደነበረበት መጠን የሚመልስ አነስተኛ መርፌ ሲሰጣቸው ይህ ቁጠባ በአብዛኛው መነሣቱ ነው። ሌፕቲን ውፍረትን ለማክሰም ያቃተው ሆርሞን ነው፤ የከሳውን ሰው ግን የሚያውከው የእርሱ መጉደል ነው። የእርስዎ የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ።


መልስ 5፦ ቤተ ሙከራ

ግሬሊን ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሆርሞን ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ በ1999 ከአይጥ ጨጓራ ለይተው አወጡት፤ 28 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ሆርሞን ነው። ሌፕቲን የወራትን ስንቅ ሲቆጥር ግሬሊን የሰዓታቱን ይቆጥራል። በሲያትል ዴቪድ ከሚንግስ በ2001 ባሳተመው ጥናት ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በፊት ከፍ እያለ ከተበላ በኋላ እንደሚወርድ አሳይቷል። ምግብ ሳይቀምሱ በቆዩ ሰዎች ላይም በለመዱት የምግብ ሰዓት ከፍ ካለ በኋላ ምንም ሳይበሉ መልሶ ሲወርድ ታይቷል። ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁርስ ሰዓት ላይ የሚያስጨንቀው ረሃብ፣ ታግሠው ሲቆዩት ረፋዱ ላይ ቀለል የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን የራሴ ግምት እንጂ ጾመኞችን ለክቼ ያገኘሁት አይደለም።

ለሴሚናርዎ ማለቂያ የሚሆን ደግሞ የአሁኖቹ መርፌዎች አሉ። ሴማግሉታይድ የሚሠራው በሌፕቲን መንገድ ሳይሆን ጂኤልፒ 1 በተባለው የአንጀት ሆርሞን መንገድ ነው። ተፈጥሯዊው ሆርሞን በደም ውስጥ የሚቆየው ለሁለት ደቂቃ ያህል ሲሆን መድኃኒቱ ግን አንድ ሳምንት ያህል እንዲቆይ ሆኖ ተሠርቷል። በ2021 በታተመውና 1961 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ በ68 ሳምንታት በአማካይ 14.9 ከመቶ ክብደት ቀንሷል፤ ያለ መድኃኒቱ የቀነሰው 2.4 ከመቶ ነበር። መርፌው በቆመ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ሐኪሙ ስለ ሜልበርኑ ጥናት ከጻፉት ጋር አያይዘው ቢያቀርቡት መልካም ነው።


ሰንበሌጥ

አቀራረቤን እንደ መከራችሁኝ ከኮልማን አይጦች እጀምራለሁ። የሜልበርኑን ጥናት ትናንት ማታ ለእህቴ በስልክ አነበብሁላት፤ «62 ሳምንት» የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። አንድ የቀረ ጥያቄ ብቻ አለኝ። እርሷ የሌፕቲን መጠኗን በደም ምርመራ ማሳየት አለባት?


መልስ 6፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

አያስፈልጋትም፤ ገንዘቧን ባታወጣበት ይሻላል። ያ ምርመራ የሚጠቅመው ከተወለዱ ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ለሚወፍሩና ምግብ ሲከለከሉ መቋቋም ለማይችሉ ሕፃናት ነው፤ በተለይ ወላጆቻቸው ዘመዳሞች ከሆኑ። በአዋቂነት ለወፈረ ሰው ውጤቱ ከፍ ያለ መሆኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ የሚለውጠው ሕክምና የለም። ከዚያ ይልቅ የታይሮይድ ሆርሞኗን፣ የደም ስኳሯንና የደም ግፊቷን ትታይ፤ የምትወስደው መድኃኒት ካለም ለሐኪሟ ታሳይ፤ ክብደት የሚጨምሩ መድኃኒቶች ጥቂት አይደሉም። እንደገና ለመቀነስ ስትነሣ ደግሞ ኪሎው ከወረደ በኋላ ያሉትን ወራት ከመቀነሻው ጊዜ እኩል አስባበት ክትትሏን ሳታቋርጥ እንድትቀጥል ይንገሯት።